ነካኪ እጅ በሸዋ ምድር



በየሰፈራችን እጁ የማያርፍ ልጅ አይጠፋም። ሬድዮ ሲበላሽ ካቻቢቴ ይዞ የሚፈታ፣ የተጣለ የሞባይል ቀፎ እየለቀመ አልጋው ሥር የሚያጠራቅም፣ ሠርግ ቤት ተጠርቶ እንኳ ዓይኑ ሙሽራዋ ላይ ሳይሆን ድምፅ ማጉያው ላይ የሚተከል ልጅ ነው። ጎረቤት «ነካኪ» ይለዋል። ንባብ ከወደደ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ «ቀለሜ» የሚል ስም ይወጣለታል። ዕድሜው ሲገፋ ዘመድ «መቼ ነው እንደ ሰው የምትሆነው?» ማለት ይጀምራል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ጠባያቸውን ይደብቃሉ፤ አንዳንዶቹም ጨርሰው ይተዉታል።

እኔ ይህ መደበቅ ለልጁም ለአገርም ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። ዕቃ መውደድ፣ የዕቃን ሆድ ከፍቶ ማየት፣ «ይህ ነገር እንዴት ይሠራል?» እያሉ እንቅልፍ ማጣት በአደባባይ ሊኖሩት የሚገባ ጠባይ ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ አገር አልሄድም። ከዚህ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንኮበር አለ፤ የጉዳዩ ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት ያህል ገዝተዋል። አንኮበርንና አንጎለላን መቀመጫቸው ያደረጉት እኒህ ንጉሥ ለዕቃ የነበራቸው ፍቅር በዘመኑ አገራቸውን የጎበኙ ሁሉ የጻፉት ነገር ነው። ለእንግሊዞች በላኩት ደብዳቤ የጠየቁት ዋናው ነገር ጥበብ ነበር፤ በእናንተ አገር ያለው የእጅ ሙያና ዕውቀት ወደ እኔ አገር ገና አልደረሰምና እርዱኝ የሚል። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ሲደርስ ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ሦስት መቶ ጠመንጃ፣ መድፍ፣ ዜማ የሚያሰማ ሰዓትና የሙዚቃ ሣጥን ነበረበት። ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ የባሩድ መፍጫ መሣሪያ ይዞላቸው መጣ። ንጉሡ እነዚህን ዕቃዎች በደስታ ተቀበሉ፤ ዕቃ ቤታቸውም ሞላ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የነገሬ ሁሉ መሠረት ይኸኛው ነው። በዚያው ዘመን በንጉሡ ፈቃድ ከውጭ የመጣ የእጅ ባለሙያ በዚህ አካባቢ የውኃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ወራጅ ውኃ በቦይ ተጠልፎ የመዘውሩን መቅዘፊያ ይመታል፤ መዘውሩ ሲዞር በዘንጉ የተያያዘው የላይኛው ድንጋይ በታችኛው ላይ ይሽከረከራል፤ እህሉ በመካከላቸው ይደቃል። ወፍጮው ሠራ፤ ዱቄትም ወጣ። ካህናቱ ግን ሰው ሳይገፋው የሚዞር ድንጋይ የሰይጣን ሥራ ነው አሉ፤ ወፍጮውም ቆመ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ ካህናቱ አይደለም፤ እነሱ የማያውቁትን ነገር ፈሩ፤ ፍርሃት በየትም አገር አለ። የማስበው ስለ ፈጪዎቹ ሴቶች ነው። የቤተ መንግሥት ግብር ሺህ ሰው የሚበላበት ነው፤ ያ ሁሉ እንጀራ የሚወጣው ሌሊት ተነሥተው መጅ ይዘው ወፍጮ ላይ ካጎነበሱ ሴቶች ወገብ ነው። ከንጉሡ ቤት እስከ ድሃው ጎጆ፣ የሸዋ ሴት ዕድሜ እኩሌታው በወፍጮ ላይ ያልቅ ነበር። ያ መዘውር ቢቀጥል ኖሮ መጀመሪያ የሚያርፉት እነሱ ነበሩ። አንዳቸውም አልተጠየቁም። ጠመንጃውን ግን ሰይጣን አለበት ብሎ ያስቆመው የለም። የሚገድለው ዕቃ ገባ፤ የሚያሳርፈው ዕቃ ቀረ።

ለምን ቀረ? በእኔ ፍርድ ወፍጮውን ከፍቶ «ኑ፣ እዩ፤ ይኸው መዘውሩ፣ ይኸው ዘንጉ፣ ሰይጣን የለበትም» ብሎ የሚከራከር የአገር ሰው ስላልነበረ ነው። ንጉሡ ዕቃ ይወዳሉ፤ ዕቃ የሚፈታ ሰው ግን በአደባባይ አልነበራቸውም። ሰዎቹ ጠፍተው አይደለም። አንኮበር አጠገብ በእመ ምሕረት ተራራ ደን ውስጥ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ ጠይቦች ይኖሩ እንደነበር በዚያን ጊዜ አንኮበር የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ጽፏል። የሸዋ ገበሬ ማረሻና ማጭድ የሚያገኘው ከእንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ ነበር። ይሁንና ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ይፈሩና ይናቁ ነበር። ሰው በሠሩት ማረሻ አርሶ ይበላል፤ ከእነሱ ጋር ግን አይበላም። በመላው የሸዋ ምድር ስለ ብረትና ስለ እሳት ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው ሰው ስለ አንድ መሣሪያ አስተያየት ቢሰጥ የሚሰማው አልነበረም። ንጉሡ ጥበብ ከባሕር ማዶ እንዲመጣላቸው ሲጽፉ ጥበበኛው በእግር መንገድ ርቀት ላይ ነበር።

እንግዲህ «ነካኪ» እያልን በልጅ ላይ ስንስቅ ያ ንቀት ገና ከእኛ አልለቀቀም ማለት ነው። መልኩን ለወጠ እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ እጁን ዕቃ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከሰው እኩል አይደለም የሚል ነው።

ወደ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ አንጎለላ ላይ ነው። አያታቸው ሲሞቱ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ዕቃ መውደዱን ግን ወርሰዋል፤ ደግሞም ከአያታቸው አንድ እርምጃ አልፈው ሄደዋል። እሳቸው መቀበል ብቻ ሳይሆን መፍታት ይወዱ ነበር። ሰዓት ቢሆን፣ ጠመንጃ ቢሆን፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣላቸው ውስጡን ካላየሁ የሚሉ፣ ጥያቄያቸው የማያልቅ ሰው እንደነበሩ የጎበኟቸው የውጭ ሰዎች ደጋግመው መስክረዋል። እንግዲህ ይህ የነካኪ ጠባይ ነው፤ ዘውድ ደፍቶም አልተደበቀም።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ከሁለት የእጅ ባለሙያ ጓደኞቹ ጋር አንኮበር ገባ። ምኒልክ ያስጠሩት መሐንዲስ እንዲላክላቸው ጠይቀው ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ድልድይ ወይም ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ጫማ ሥራልኝ የሚል ነበር ይባላል። ኢልግ ጫማ ሰፊ አይደለሁም ሳይል ሠራ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ጠመንጃ ገዝቶ ማስመጣት እንደሚረክስ ቢያስረዳም ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ ሠርቶ አሳያቸው። አንዳንድ ሰው ይህን የንጉሥ ቀልድ አድርጎ ይተርከዋል። ለእኔ ግን ከሁሉም ታላቅ ፈተና ነው። ምኒልክ ሊያውቁ የፈለጉት የወረቀት ምስክርነቱን ሳይሆን እጁን ነው፤ ዕቃው ከየትም ተገዝቶ ሊመጣ ይችላል፤ ሊሠራ የሚችል ሰው ግን አብሯቸው እንዲኖር ፈለጉ። ኢልግም ከሃያ ዓመት በላይ ከኢትዮጵያ ጋር ቆየ፤ በአዋሽ ላይ ድልድይ አሠራ፤ የባቡር ሐዲድ ውሉን በ1886 ዓ.ም. ተቀበለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ጉዳይ አማካሪም ሆነ።

ስለ ውኃም ላንሣ፤ ይህን ተማሪዎች እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ላይ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ጠልፎ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ ውኃ አስገባለሁ ሲል ብዙ መኳንንት አላመኑም። ውኃ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ሽቅብ ይወጣል ወይ? ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ የጎደላቸው አንድ እውነት ብቻ ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ ወደ ተነሣበት ከፍታ ተመልሶ ለመድረስ ይገፋል። ምንጩ ከጉብታው ከፍ ካለ፣ በመካከል ያለው ሸለቆ ምንም ያህል ቢጠልቅ፣ ውኃው ወርዶ ይወጣል። ውኃውም ቤተ መንግሥት ደረሰ። ዛሬ ማንም ሰው በላስቲክ ቱቦ ግቢው ውስጥ ሊሞክረው ይችላል። በአንኮበር ዳገት ላይ ለሚኖር ገበሬም ይህ ዕውቀት ያለ ሞተር፣ ያለ ነዳጅ ውኃ ማለት ነው።

ስልኩም እንዲሁ ተፈተነ። በ1882 ዓ.ም. ገደማ በኋላ ራስ የተባሉት መኰንን ከኢጣልያ ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው መጡ። ከሽቦ ውስጥ የሚናገር ድምፅ ካህናቱን አስደነገጠ፤ እንደ ወፍጮው ጊዜ የሰይጣን ስም ተነሣ። በዚህ ጊዜ ግን መሣሪያው አልቆመም። ምክንያቱም ዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ሰው ራሳቸው ሰምተውበታል፣ ነካክተውታል፤ ስለዚህ አልፈሩትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

  

ምኒልክ ካደረጉት ሁሉ ለዛሬው ርእሴ የሚቀርበው ግን መኪናም ስልክም አይደለም፤ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አዋጅ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ የሚያርሰውን በሥራው መስደብ ከለከሉ። የሰው ሁሉ ዘር ከአዳምና ከሔዋን መሆኑን አስታወሱ፤ ሠራተኛን የሚሰድብ እንደሚቀጣም ደነገጉ። መሣሪያ ማስገባት ብቻውን እንደማይበቃ፣ መሣሪያውን የሚነካው እጅ ካልተከበረ ሁሉም ነገር የውሰት እንደሚሆን ገብቷቸዋል። አዋጁ የወጣው የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ በገባችበት ወቅት ነው፤ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ጀምሮ እየነዳ፣ እየገፋ፣ እያስጎተተ አምጥቷት ነበር። ከሁለቱ ሥራዎች መኪናዋን ሁሉም ያስታውሳል፤ አዋጁን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እኔ ብጠየቅ ከመኪናዋ አዋጁን አስበልጣለሁ።

እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ልጅ የሆኑትን አንድ ሰው ልጥራ፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን። የምንጃር ተወላጅ ናቸው። ምኒልክ መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 እዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂ የእሳቸው ነው። ተሰማ እሸቴ ግጥም አዋቂ፣ ማሲንቆ ተጫዋች፣ ጨዋታቸው የሚወደድ ሰው ነበሩ፤ ሞተርም ይፈቱ ነበር። ነካኪ ሰው ከሰው የሚሸሽ፣ ጨዋታ የማያውቅ ነው የሚል ሁሉ የእሳቸውን ሕይወት ይመልከት። የዕቃ ፍቅር ከሰው ፍቅር ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም። በሸክላ ለመቀረጽ የደፈረው ድምፅ ሞተር ለመፍታት ከደፈረው ሰው የወጣ መሆኑም በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ አዲስ መሣሪያ አያስፈራቸውም ነበር።

ወደ ዛሬው ደብረ ብርሃን ልመለስ። ይህች ከተማ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከቀድሞው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ ማሽን የሚጮኽባት ከተማ ሆናለች። በየመንገዱ የሞባይል ጥገና ቤት አለ፤ ጠባብ ጠረጴዛ፣ ቴስተር፣ ፒንሳ፣ መበየጃ፣ አጉሊ መነጽር። እነዚያ ወጣቶች የጠይቦቹ የሙያ ወራሾች ናቸው ብዬ እቆጥራቸዋለሁ፤ ምስጋናቸው ግን አሁንም ትንሽ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መለየት አለብኝ። አዲስ ስልክ በወጣ ቁጥር መግዛት፣ ገበታ ላይ አስቀምጦ ማሳየት፣ የሌላውን ማናናቅ የዕቃ ፍቅር አይደለም። ያ የሣህለ ሥላሴ ዕቃ ቤት ነው፤ የተሞላ፣ የሚደነቅ፣ ግን ያልተከፈተ። እኔ የማወድሰው ዕቃውን ጠይቆ፣ ፈትቶ፣ ጠግኖ፣ ለጎረቤት የሚተርፈውን ነው። ለዚህም ሀብት አያስፈልግም። በዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚጠየቅ ስንት ነገር አለ!

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽንብራ እዚህ ለመብሰል የሚፈጅበት ጊዜ ከቆላው የሚበልጠው በዚህ ነው፤ እሳት ብትጨምሩ ውኃው ይተናል እንጂ አይሞቅም። ክዳኑ በላስቲክ የሚገጥም የግፊት ድስት ግን እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ100 በላይ ያወጣዋል፤ ማገዶውም ይቆጠባል። ይህን በቴርሞሜትር ለክታ ለእናቷ የምታስረዳ ልጅ የፊዚክስ ትምህርቷን ጓዳ አስገባችው ማለት ነው።

ብርዱንም እንውሰድ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲጥል ማታ ሙሉ የነበረው ስልክ ጠዋት ይጠፋል። ብዙ ሰው ባትሪው ሞተ ብሎ ሌላ ይገዛል። ባትሪው አልሞተም፤ ቅዝቃዜ በውስጡ ያለውን ኬሚካዊ ሥራ ስላዘገየው ነው፤ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ይመለሳል። ነገር ግን እንደ በረዶ የቀዘቀዘውን ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋልና መጀመሪያ ይሙቅ። ቻርጀሩ አልይዝ ካለም አዲስ ከመግዛት በፊት ስልኩን አጥፍቶ ቀዳዳውን በስንጥር መጥረግ ነው፤ የኪስ ብናኝ ታምቆበት ይሆናል።

ወደ ገጠር ስትወጡ ደግሞ የፀሐይ መብራት ነገር አለ። በአንኮበር፣ በታርማበር፣ በመንዝ ጎጆዎች ውስጥ ኩራዝን ያስቀረው ይህ ትንሽ ዕቃ ሲበላሽ ሙሉው ይጣላል። ደኅና የፀሐይ ሰሌዳ ግን ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ አምፖሉም ረጅም ዕድሜ አለው። በጥቂት ዓመት የሚደክመው ባትሪው ብቻ ነው። ቴስተር ያለው ልጅ ሰሌዳውን ፀሐይ ላይ አድርጎ ይለካል፤ ኤሌክትሪክ ከሰጠ ችግሩ ባትሪው ወይም ሽቦው ነው። ተመሳሳይ ዓይነትና ተመሳሳይ ቮልት ያለው ባትሪ ተበይዶ ሲገባ መብራቱ ይመለሳል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የልጆች የማታ ጥናት ነው። አንድ ነካኪ ልጅ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ይህን ቢያውቅ ስንት ቤት ያበራል!

ስለ አደጋው ሳላስጠነቅቅ ባልፍ ጥፋት ይሆናል። ከግድግዳ መብራት የሚሠራ ማንኛውም ዕቃ ሳይነቀል አይከፈትም። የድሮ ወፍራም ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ ተነቅለውም የሚገድል ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉና ልጅ አይንካቸው። ያበጠ የስልክ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፤ ይነድዳል። ልጅ የሚጀምረው በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራ ሬድዮ፣ ከሞተ ሪሞት፣ ከግድግዳ ሰዓት ነው። የፈታውን በቅደም ተከተል በደብተር ይሣል፤ ብሎኖቹን በቆርቆሮ ያስቀምጥ። የወላጅ ሥራ መከልከል ሳይሆን ይህን ሥርዓት ማስያዝ ነው።

ሴት ልጆቻችንንም በተለይ አነሣለሁ። ወፍጮው ሲቆም ያልተጠየቁት ሴቶች ነበሩ። ዛሬም በብዙ ቤት ወንድሟ ሬድዮ ሲፈታ «ይሞክር» የሚባልለት፣ እሷ ስትፈታ «ልታበላሺው ነው» የምትባለው ልጅ አለች። የቤት ዕቃ ከማንም በላይ የምትጠቀመው ሴት ናት፤ ምን እንደጎደለው ከማንም በላይ የምታውቀውም እሷ ናት። ካቻቢቴው በእጇ ቢገባ የምትሠራው ነገር ለሁላችንም ይተርፋል።

አዳራሹን ሳንለቅ አንድ ልመና አለኝ። የጥገና ቤት ያላችሁ፣ የብየዳና የእንጨት ሥራ ያላችሁ፣ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የምትሠሩ ሁሉ፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጠረጴዛችሁ ጥግ ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት ተማሪ ቦታ ስጡ። ደመወዝ አይጠይቋችሁም። የሞተ ዕቃ፣ አንድ ቴስተርና የሚመልስላቸው ሰው ይበቃቸዋል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስትወጡ በሩ አጠገብ ካለው መዝገብ ላይ ስማችሁንና የሥራ ቦታችሁን ጻፉ።